በሕግ አምላክ! አጋንንት የተከሰሱበት ችሎት

(በንባብ ማኅበራችን ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ጥቂት ድግግሞሽ ከመቀነሴ በቀር እንደተናገርሁት አቅርቤዋለሁ።)

የተከበራችሁ እናቶቼና አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ እንደምን አመሻችሁ? በዚህ ዝናብ ከየቤታችሁ ወጥታችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የዛሬው ርእሴ በመካከለኛው ዘመን አይሁድ ዘንድ፣ ከእነሱም በተቀዱት የአስማት መጻሕፍት ውስጥ፣ አጋንንት በምን ይያዙ እንደነበር ነው። ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ገበያ መሀል ሁለት ሰዎች ዱላ ሲማዘዙ አንድ ሽማግሌ ከሩቅ «በሕግ አምላክ!» ቢሉ ምን ይሆናል? ዱላው ይወርዳል። አባቶቻችን «በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃም ይቆማል» ይሉ ነበር። ሽማግሌው ጠመንጃ የላቸውም። ወታደር አልተከተላቸውም። ያላቸው ቃል ብቻ ነው፤ ቃሉ ግን ሕግን ይጠራል። ይህን ያዙልኝ። ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ የሚዞረው በዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው አስማት ሲባል የሚታየው ጨለማ፣ ደምና ጭስ ነው። እኔ ግን መጻሕፍቱን ባነበብሁ ቁጥር የሚታየኝ ችሎት ነው። መጥሪያ አለ፣ ቀጠሮ አለ፣ መሐላ አለ፣ ማኅተም አለ።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ አይሁድ ጋኔንን እንዴት በሕግ እንደሞገቱት። ሁለተኛ፣ ነገሩ ወደ ክርስቲያን አውሮፓ ሲሻገር ምን እንደደረሰበት። ሦስተኛ፣ የእኛ ክታብ በዚህ ታሪክ ውስጥ የት እንደሚገባ። አንደኛው ላይ ብዙ እቆያለሁና ታገሡኝ።

እንግዲህ አንደኛው። የባቢሎን ታልሙድ፣ እንደምታውቁት፣ የአይሁድ ሊቃውንት የሕግ ክርክር መዝገብ ነው። ሑሊን በተባለው ክፍሉ ውስጥ እንዲህ የሚል ታሪክ አለ። ተሸካሚዎች አንድ በርሜል ወይን ይዘው ሲሄዱ ደከማቸው። ሊያርፉ ብለው ከአንድ ቤት አሸንዳ ሥር አስቀመጡት። በርሜሉ ፈነዳ። ወይኑ ፈሰሰ። ምን ያድርጉ? ማር ባር ራቭ አሺ ወደሚባል ሊቅ ሄዱ። ሊቁ ቀንደ መለከት አወጣና በርሜሉን ያፈነዳውን ጋኔን አወገዘው። ጋኔኑም መጣ! «ለምን እንዲህ አደረግህ?» ተባለ። «ጆሮዬ ላይ ሲያስቀምጡብኝ ምን ላድርግ?» አለ። ሊቁ ምን ቢል ጥሩ ነው? «አንተስ ሰው በሚበዛበት ቦታ ምን ትሠራለህ? ከቦታህ የወጣኸው አንተ ነህ። ሂድና ክፈል!» ጋኔኑ ቀጠሮ ይሰጠኝ አለ። ተሰጠው። በቀጠሮው ቀን ግን አልተገኘም። ዘግይቶ ሲመጣ ምክንያቱን ተጠየቀ። «የታሰረ፣ የታተመ፣ የተሰፈረና የተቆጠረ ነገር መንካት አልተፈቀደልንም። ባለቤት የሌለው ነገር እስካገኝ ቆየሁ» ብሎ መለሰ።

ልብ በሉልኝ! ጋኔኑ ተከሳሽ ነው። የመከላከያ ቃሉን ሰጥቷል። ተፈርዶበታል። የመክፈያ ጊዜ ተሰጥቶታል። ሊቁ በጋኔኑ ላይ እሳት አላወረደም፤ ፈረደበት እንጂ። ደግሞስ የጋኔኑ መልስ ምንድን ነው? እኔም የምገዛበት ሕግ አለኝ ማለቱ አይደለም?

ይህን ታሪክ መጀመሪያ ሳነብ ትዝ ያለኝ ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር የሄድሁበት ጠበል ነው። አንዲት ሴት ትጮኻለች። አጥማቂው አባት መስቀላቸውን ግንባሯ ላይ አድርገው፣ በለሆሳስ ማለት ይቻላል፣ ይጠይቃሉ። «ማን ነህ? ከየት ገባህ? ስንት ዓመትህ ነው? ማን ላከህ?» ከዚያ በኋላ «ማል! ተመልሰህ ላትመጣ ማል!» እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች፤ እኔ ደግሞ አጥማቂው ለምን እንደማይቆጡ ይገርመኛል። ቃላቸው የመርማሪ ዳኛ ቃል ነበር። ስምን፣ መነሻን፣ ዘመንን፣ ላኪን ጠይቆ በመሐላ መዝጋት። እናንተም አይታችኋል፤ ለብዙዎቻችሁ አዲስ ነገር አልነገርኋችሁም።

ወደ መስጴጦምያ፣ ወደ ዛሬዋ ኢራቅ፣ እንመለስ። የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ቆፋሪዎች በ1888 እና 89 ገደማ ኒፑር በተባለች ጥንታዊ ከተማ ሲቆፍሩ በአይሁድ ቤቶች ፍርስራሽ ውስጥ ተራ የሸክላ ጎድጓዳ ሳህኖች አገኙ። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው።) እንዲህ ያሉ ሳህኖች ዛሬ በየሙዚየሙ አሉ፤ ለንደን የሚገኘው ብሪቲሽ ሙዚየም ከመስታወት በስተጀርባ ቆሜ ያየሁት አንዱ ከፊቴ አይጠፋም። የእኛን የወጥ ሳህን የሚያህል ነው። ውስጡ በጥቁር ቀለም ተጽፎበታል፤ ጽሕፈቱ ክብ ሆኖ እየተጠመዘዘ ይሄዳል፤ አንባቢው ሳህኑን እያዞረ ካልሆነ ሊያነበው አይችልም። እነዚህ ሳህኖች ከ5ኛው እስከ 8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ የተጻፉ ናቸው። በደጃፍ ሥር ወይም በቤቱ ማእዘን ተደፍተው ይቀበሩ ነበር። በአንዳንዶቹ መሀል ላይ እግሯ በሰንሰለት የታሰረ ፀጉረ ጨብራራ ፍጥረት ተሥላለች።

ምን ይላል ጽሑፉ? አንዳንዶቹ የፍቺ ወረቀት ናቸው! በአይሁድ ሕግ ባል ሚስቱን ሲፈታ «ጌት» የሚባል የፍቺ ወረቀት ጽፎ ይሰጣታል። ያ ወረቀት እጇ ከገባ በዚያ ቤት ምንም የላትም። ጸሐፊው ይህንኑ የሕግ ሰነድ ወስዶ ለሊሊት ይጽፍላታል። ሊሊት ማለት በሌሊት እየመጣች ወንዱን የምታሳስት፣ ሕፃናትን የምታንቅ ናት። «የፍቺ ወረቀትሽ ከሰማይ ወርዶልናል፤ ተቀበይና ከዚህ ቤት ውጪ» ይላታል። ሰነዱን በማን ስም ያጸናዋል? ከክርስቶስ ልደት በፊት በኖረው በሊቁ በኢያሱ ባር ፔራህያ ስም። ማለት የታወቀ ዳኛ ስም ይጠራባታል። ከሰማይ የወረደ ወረቀት ነውና ይግባኝ የለውም።

እናቶቼ፣ እስቲ ያችን ሴት አስቧት። ልጅ ሞቶባታል፤ ሁለተኛው እንዳይሞት ትፈራለች። ሐኪም የላትም። ምን አላት? ሕግ አላት። ሕዝቧ አገር የለውም፣ ንጉሥ የለውም፣ ጦር የለውም፤ ሕግ ግን አለው። ስለዚህ ሞትን ራሱን የከሰሰችው በምታውቀው ሕግ ነው። እኔ ይህን አጉል እምነት ብዬ ማለፍ አልችልም፤ አልፈልግምም።

ነገሩ እዚያው አልቀረም። በ1705 ፍራንክፈርት ላይ በታተመ የምክር መጽሐፍ ውስጥ በፖላንድ ከተማ በፖዝናን ሆነ የተባለ ታሪክ አለ። አንድ አንጥረኛ ከሴት ጋኔን ጋር በምሥጢር ይኖር ነበር፤ ልጆችም ወለደችለት። ሰውየው ከሞተ ከዓመታት በኋላ እነዚህ ልጆች የቤቱን ምድር ቤት ይዘው «ውርሳችን ነው» አሉ። ነገሩ በአይሁድ ፍርድ ቤት ፊት ቀረበ። ቤቱን የገዙት ሰዎች ተከራከሩ፤ አጋንንቱም ተከራከሩ። ፍርዱ ምን ሆነ? አጋንንት በሰው መኖሪያ ድርሻ የላቸውም፤ ርስታቸው ምድረ በዳ ነው ተባለ። የርስት ክርክር እኮ ነው! ከበርሜሉ ታሪክ ወዲህ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ አልፏል፤ የፍርዱ መንፈስ ግን አንድ ነው፤ ለአንተም ቦታ አለህ፣ ቦታህ ግን እዚህ አይደለም።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። አይሁድ ሁሉ በዚህ ይስማሙ ነበር እንዳይመስላችሁ። ታላቁ ሊቅና ሐኪም ሙሴ ማይሞኒደስ፣ በ1204 የሞተው፣ ነገሩን አምርሮ ተቃውሟል። በበራቸው ላይ በሚሰቅሉት መዙዛ (የኦሪት ቃል የተጻፈበት ብራና ነው) ውስጥ የመላእክት ስም የሚጨምሩ ሰዎች በሚመጣው ዓለም ዕድል ፈንታ የላቸውም ብሎ ጽፏል። ለምን? የእግዚአብሔርን ትእዛዝ ለገዛ ጥቅማቸው ክታብ አደረጉታ! በጀርመን አገርም በ1217 ያረፈው ጻድቁ ራቢ ይሁዳ፣ በአጋንንት በብርቱ የሚያምን ሰው ሆኖ ሳለ፣ መላእክትንና አጋንንትን በመሐላ የሚያስገድድ ሰው መጨረሻው አያምርም ከሚሉት ጋር ነው። ማመንና መነካካት ለየብቻ ናቸው። እኛስ ዘንድ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በአስማተኞች ላይ ያን ያህል ሲጽፉና ሲቀጡ አስማቱ ቀረ እንዴ?

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። ይኸኛው አጠር ይላል።

በቅርቡ አንድ ወጣት ከትምህርት በኋላ ጠብቆ ስልኩን አሳየኝ። ቴሌግራም ላይ «የሰሎሞን ቁልፍ» ተብሎ የሚሸጥ ሥዕል ነው። ክብ ነው፤ ዙሪያውን የዕብራይስጥ ፊደል የሚመስል ነገር ተጽፎበታል። «መምህር፣ ይህን ያነበበ ጋኔን ይታዘዝለታል ይባላል፤ እውነት ነው?» አለኝ። ለሻጩ ገንዘብ ሊልክ ነው። አጉልቼ አየሁት። ፊደሎቹ ግማሾቹ ተገልብጠዋል፤ ዕብራይስጥ የማያነብ ሰው ዕብራይስጥ ከማያነብ ሰው የገለበጠው ነው። አንዱ ቃል ግን ይነበባል፤ «አግላ» ይላል። አይሁድ በየቀኑ ከሚያደርሱት ጸሎት «አቤቱ፣ አንተ ለዘላለም ኃያል ነህ» የሚለው የአራት ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት ናቸው። የምስጋና ጸሎት ተቆርጦ የመናፍስት መጥሪያ ሆኖ ተሸጠ ማለት ነው።

እንዴት እዚህ ደረሰ? በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በስፔን የካስቲል ንጉሥ አልፎንሶ 10ኛ በቤተ መንግሥቱ አይሁድና ክርስቲያን ሊቃውንትን ሰብስቦ የዐረብኛና የዕብራይስጥ መጻሕፍት ያስተረጉም ነበር። ለአዳም በመልአኩ ራዚኤል ተሰጠ የሚባለው የአስማት መጽሐፍ ወደ ላቲን የገባው በእሱ ዘመን ነው። ከዚያ በኋላ በሰሎሞን ስም የተጻፉ የላቲን መጻሕፍት በየገዳሙና በየዩኒቨርሲቲው ተበተኑ። ስለ ሰሎሞንና ስለ አጋንንት የሚነገረው ታሪክ ራሱ ጥንታዊ ነው። ታልሙዱ ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ያለ ብረት ድምፅ ለመሥራት ሲል የአጋንንቱን አለቃ አሽመዳይን የእግዚአብሔር ስም በተቀረጸበት ሰንሰለት አሲዞ እንዳስመጣው ይተርካል። አሽመዳይ ማለት በመጽሐፈ ጦቢት የሣራን ሰባት ባሎች የገደለው ነው። ልብ በሉ፤ የተያዘው ለእግዚአብሔር ቤት ሥራ ነው።

የላቲኖቹ መጻሕፍት ግን አቅጣጫውን አዞሩት። የኒፑሯ እናት የምትለው «ውጣ!» ነው። እነዚህኞቹ የሚሉት «ና!» ነው። ና፣ የተቀበረ ገንዘብ አሳየኝ። ና፣ ሴቲቱን አምጣልኝ። በአማርኛ የታወቀ ስም አለው፤ ጋኔን ጎታችነት ነው። ሰውየው ይጾማል፣ ሰዓት ይጠብቃል፣ በቢላዋ ክብ ሥሎ መሀሉ ይቆማል፣ የአምላክን ስሞች ይደረድራል። መሐላው ያው ነው፣ ማኅተሙ ያው ነው፤ ተጠቂን ለመከላከል የተጻፈው ሕግ ግን የጉልበተኛ መሣሪያ ሆነ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 22ኛ በ1326 አጋንንት ጠሪዎችን ያወገዙት በዚህ ምክንያት ነው።

ደግሞ አንድ የሚያስገርም ነገር ልንገራችሁ። የሰሎሞን ቁልፍ የተባለው መጽሐፍ ከዕብራይስጥ ተተረጎምሁ ይላል። ሄርማን ጎላንክዝ የተባለ ሊቅ በ1914 የዕብራይስጡን ቅጂ አሳተመ። ሲመረመር ግን ዕብራይስጡ ራሱ ከአውሮፓ ቋንቋ የተተረጎመ ሆኖ ተገኘ! ክርስቲያኑ ጽፎ «የአይሁድ ነው» አለ፤ አይሁዱ ደግሞ መልሶ ተረጎመው። «የአይሁድ ጥበብ ነው» የሚለው ቃል መጽሐፉን ተወዳጅ አደረገው። ሰዎቹን ግን ምን አደረጋቸው?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ስለሚያንገበግበኝ ነው። በ1189 እንግሊዝ ውስጥ ንጉሥ ሪቻርድ ሲነግሥ አይሁድ ወደ በዓሉ እንዳይገቡ ተከለከሉ። ከዜና መዋዕል ጸሐፊዎቹ አንዱ ምክንያቱ የአስማታቸው ፍርሃት ነው ይላል። እጅ መንሻ ይዘው የመጡት ተደበደቡ፤ ያን ዕለት በለንደን አይሁድ ታረዱ፣ ቤታቸው ተቃጠለ። በሌላ በኩል በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሳልዝበርግ ጳጳስ በቤተ መንግሥቱ በር ላይ የሚሰቅለው መዙዛ እንዲሰጠው አንድን አይሁድ ጠይቋል። ክታባቸውን ይፈልጉታል፤ እነሱን ይገድሏቸዋል!

እኛስ? ቤተ እስራኤልን ምን ስንላቸው ኖርን? ብረቱን እነሱ ቀጥቅጠው ማረሻችንን ሠሩ። ሸክላውን እነሱ አበጅተው እንስራችንን ሰጡን። እኛ ደግሞ «ቡዳ ናቸው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ» አልናቸው። ልጅ በታመመ ቁጥር ጣታችን ወደ እነሱ ይቀሰር ነበር። የአውሮፓን ግፍ ስንሰማ ራሳችንን እየነቀነቅን የራሳችንን እንዳንረሳ አደራ እላችኋለሁ። ዛሬ ልጆቻቸው በእስራኤል ሆነው ይህን ንግግር ያነቡት ይሆናል።

ሦስተኛው ነጥብ። የእኛ ክታብ።

ከ8ኛው እስከ 10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ በተጻፈ አንድ የዕብራይስጥ መጽሐፍ ውስጥ ሊሊት የአዳም የመጀመሪያ ሚስት ናት። ተጣልታው በረረች። እግዚአብሔር ሦስት መላእክት ላከ፤ ሰኖይ፣ ሰንሰኖይና ሰመንገሎፍ። ባሕር ውስጥ አገኟትና «ካልተመለስሽ እናሰጥምሻለን» አሏት። እሷም አልመለስም አለች፤ ወንዱን ሕፃን እስከ ስምንት ቀን፣ ሴቷን እስከ ሃያ ቀን ሥልጣን አለኝ አለች። በመጨረሻ ግን በሕያው እግዚአብሔር ስም ማለች፤ የእናንተን ስም ወይም ሥዕል በክታብ ላይ ባየሁበት ያን ሕፃን አልነካም ብላ። ከዚያ ወዲህ በአይሁድ አራስ ቤት ግድግዳ ላይ የሦስቱ ስም ይለጠፍ ነበር። ይህ ከዚያም በፊት ነበረ። በ1985 ናቬህና ሻኬድ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ያሳተሙት የአራማይክ ክታብ ሱኒ፣ ሱሱኒና ስኒግሊ የተባሉ ሦስቱ የአንዲትን እናት ልጆች ገዳይ አሳድደው ይዘው እንዳስማሉት ይተርካል። በግሪክኛ ቅዱስ ሲሲንዮስ አለ፤ የሚያሳድዳት ጌሎ ትባላለች። በግብፅ በባዊት ገዳም ግድግዳ ላይ ሲሲንዮስ በፈረስ ሆኖ ሴቲቱን በጦር ሲወጋት ተሥሏል።

አሁን ማን እንደሚመጣ አውቃችኋል አይደል? ሱስንዮስ! የእኛ ሱስንዮስ፣ በክታባችን የሚጠራው ቅዱስ። ውርዝልያ የተባለችው ሕፃን ገዳይ ሕፃኑን ገደለችበት፤ በፈረስ ተከተላት፤ ጎኗን በጦር ወጋት፤ እሷም ስምህ ባለበት አልደርስም ብላ ማለች። ሊሊት ትምላለች፤ ውርዝልያ ትምላለች። ሰኖይ፣ ሱሱኒ፣ ሲሲንዮስ፣ ሱስንዮስ። ከባቢሎን እስከ ጎጃም፣ አይሁዷም ክርስቲያኗም አራስ የተሟገተችው አንዲቱን ተከሳሽ ነው። ያስጣላትም ያው የመሐላ ቃል ነው።

እናቴ ከእኔ በፊት ልጆች ሞተውባታል። ሾተላይ ነው ተባለች። ያኔ በአካባቢያችን የነበሩ አንድ ደብተራ ቁመቷን በክር ለክተው፣ በቁመቷ ልክ ብራና ጽፈው ሰጧት። በቀይ ቆዳ ተሰፍቶ አንገቷ ላይ ሲንጠለጠል አስታውሳለሁ፤ ላቧ ቆዳውን አጥቁሮት ነበር። በኋላ አንድ ሰባኪ ነውር ነው ብሎ አቃጥሉት አለ። ተቃጠለ። በሰባኪው እምነት ላይ አልፈርድም። እኔም ራሴ ማንም ሰው ለጎታች ገንዘብ እንዲከፍል፣ ሕክምናን ትቶ ክታብ እንዲያስር አልመክርም፤ ነፍሰ ጡር እኅቶቼ ሆይ፣ ሾተላይ የሚባለው አንዱ መንስኤ የደም አለመጣጣም ነው፤ መርፌ አለው፤ ጤና ጣቢያ ሂዱ! ግን ያ ብራና የእናቴ አቤቱታ ነበር። «ዕቀባ ለአመትከ»፣ ማለት «አገልጋይህን ጠብቃት»፣ ካለ በኋላ የክርስትና ስሟ በቀይ ቀለም ተጽፎበት ነበር።

አይሁድ የእግዚአብሔር ስም ያለበትን ጽሑፍ አያቃጥሉም፤ ያረጀውን «ገኒዛ» በሚባል ዕቃ ቤት ያኖሩታል። በካይሮ፣ በፉስታት በሚገኘው በቤን ዕዝራ ምኵራብ እንዲህ ሲከማች የኖረውን ሰሎሞን ሼክተር በ1896 እና 97 ወደ ካምብሪጅ ሲወስደው 190 ሺህ ያህል ቁራጭ ሆነ። ክታብ አለበት፣ መሐላ አለበት፣ የሊሊት ማባረሪያ አለበት። ማይሞኒደስ የኖረው በዚያው ከተማ ነበርና፣ የገዛ እጅ ጽሑፉም እዚያው ውስጥ ተገኝቷል። ክታቡን ያወገዘውና ክታቡ በአንድ ክፍል ተቀምጠው ቆዩን። ስለ አይሁድ አስማት ይህን ሁሉ ልነግራችሁ የቻልሁት ስላላቃጠሉት ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። በቤታችሁ፣ በአያቶቻችሁ ሙዳይ፣ በውጭ አገር ባሉ ዘመዶቻችሁ ሻንጣ ውስጥ ክታብ ካለ አታቃጥሉት። ለቱሪስት አትሽጡት። እርጥበት ከሌለበት ቦታ አኑሩት፤ በኃይል አትተርትሩት፤ ከተከፈተ ከላይ እስከ ታች ፎቶ አንሱት፤ ማን ይይዘው እንደነበር፣ ከየት እንደመጣ የምታውቁትን ጻፉ። ማስቀመጥ የከበዳችሁ ወደ ወመዘክር ወይም ወደ ኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ውሰዱት። ማንበብ ላቃታችሁ እኔም ሆንሁ ተማሪዎቼ አብረናችሁ እናነባለን።

ስለታገሣችሁኝ አመሰግናለሁ። አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ፤ ከኋላ እጃቸውን ካወጡት እናት እንጀምር።